የሌላ ዓለም ሥልጣኔዎችን በዕጣ ለመፍጠር የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? የሦስት መጽሐፎች ንጽጽር

ኮምቦልቻ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ፣ አምስት ሰዎች ያሉበት የሳይንስ ልብ ወለድ የሚና ጨዋታ ቡድን እመራለሁ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ሐረጎን ወርደው ከደሴ የሚመጡ ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ተጫዋቾቹ በጠፈር መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲጓዙ የሚገጥማቸውን ዓለምና በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ የሚያዘጋጀው የጨዋታው መሪ ነው። መሪው ሁሉንም ከራሱ ልብ ላመንጭ ቢል ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሕዝብ በኋላ ሁሉም እየተመሳሰሉበት ይመጣሉ። ስለዚህም ዳይስ እየተጣለ ከሰንጠረዥ ላይ ሥልጣኔ የሚፈጠርባቸው መጽሐፎች አሉ። ከእነዚህ ሦስቱን፣ ትራቭለርን፣ ጉርፕስ ስፔስንና ስታርስ ዊዝአውት ነምበርን፣ በጨዋታ ላይ ተጠቅሜባቸዋለሁና አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ልዩነታቸውን እንዲያውቅ ይህን ጽፌያለሁ።

መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ዕጣው ከወጣ በኋላ ያ ሕዝብ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ለማወቅ ችያለሁ ወይ? ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ይህ መመዘኛ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግራቸው አንዱ ይዞት የመጣው፣ ሌላው ደግሞ ሳይዘው ወደ ቤቱ መመለስ የማይፈልገው ነገር ነው። ስድስት እግርና ሦስት ዓይን ኖሮት ምንም የማይፈልግ ፍጡር ተጫዋቾችን የሚያስደንቀው ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ከሦስቱ አንጋፋው ትራቭለር ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን በአሁኑ ጊዜ የሚያሳትመው ሞንጉስ ፐብሊሺንግ ነው። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ዓለም በአንዲት አጭር የፊደልና የቁጥር መስመር ይገለጻል፤ መስመሯም የጠፈር ወደቡን ደረጃ፣ የዓለሙን መጠን፣ ከባቢ አየሩን፣ የውሃ ሽፋኑን፣ የሕዝቡን ብዛት፣ አስተዳደሩን፣ የሕጉን ጥብቀትና የቴክኖሎጂ ደረጃውን በቅደም ተከተል ትይዛለች። ለሥራው ከሉዶ ሳጥን ውስጥ የሚወጡ ሁለት ተራ ዳይሶች ይበቃሉ፤ ከአንዱ ዕጣ የተገኘው ቁጥርም ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ላይ ይደመራል።

አንድ ቀን የወጣልኝን ላሳይ። ለመጠን 5 ወጣ፤ ደንቡ እንደሚያዘው 2 ሲቀነስለት 3 ሆነ፤ ይህም ዲያሜትሩ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከሜርኩሪ ጋር የሚቀራረብ ዓለም ነው። ለከባቢ አየር 4 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የመጠኑ 3 ሲደመርበት ዜሮ ሆነ፤ አየር የለም ማለት ነው። ውሃውም ዜሮ ሆነ። ለሕዝብ ብዛት ግን 11 ወጣና 2 ሲቀነስ 9 ቀረ፤ ይህ ቁጥር ከፊቱ ካለው አኃዝ ቀጥሎ ስንት ዜሮ እንደሚጻፍ ስለሚያመለክት ሕዝቡ በቢሊዮን የሚቆጠር ሆነ። ለአስተዳደር 7 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የሕዝቡ 9 ሲደመር 9 ሆነ፤ በሰንጠረዡም ላይ 9 ማለት ከሕዝቡ የራቀ፣ በመሥሪያ ቤቶች ሰንሰለት የሚገዛ መንግሥት ነው። አየርም ውሃም በሌለበት ድንጋይ ላይ ቢሊዮን ሰው! እኔ ስህተት ነው ብዬ ልሰርዘው ስል፣ ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ያደገች አንዲት ተጫዋች፣ «አትሰርዘው፤ መንግሥቱ ማለት እኮ ውሃውን የሚያድለው መሥሪያ ቤት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጨዋታችን በጀሪካን ወረፋና በወረፋ ቁጥር ሽያጭ ዙሪያ ሆነ።

የትራቭለር ኃይል እንዲህ ያለውን የማይገጣጠም ነገር አውጥቶ ምክንያቱን ከእኛ መጠየቁ ነው። ጉድለቱም እዚያው አጠገብ አለ። መስመሯ በዋናነት ስለ ዓለሙ እንጂ ስለ ፍጡሩ አትናገርም፤ የሚኖሩበት ሰዎች ይሁኑ ሌሎች፣ ምን ዓይነት አካልና ምን ዓይነት ልብ እንዳላቸው ከዳይሱ አይገኝም። አስተዋይ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል፤ አዲስ ቡድን ግን ቁጥሩን አንብቦ ዝም ሊል ይችላል። ዓለም የመፍጠሩን ዘዴ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ትራቭለርን መግዛት ላያስፈልገው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሴፊየስ ኤንጅን ተመሳሳዩን አሠራር ይዞ ገዢው የፈቀደውን ያህል ከፍሎ የሚወስደው ሆኖ ቀርቧል።

ጉርፕስ ስፔስ ጉርፕስ ለተባለው የሚና ጨዋታ ደንብ የተዘጋጀ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው፤ በስቲቭ ጃክሰን ጌምስ የሚታተም ሲሆን አራተኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይህ መጽሐፍ ከታች ወደ ላይ ይሠራል። ሕይወቱ በውሃ ላይ የተመሠረተ ነው ወይስ በአሞኒያ? የሚኖረው የት ነው? የሚበላውስ ምንድን ነው፤ ይግጣል፣ ያድናል ወይስ የሞተ ይለቅማል? እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ ስንት እግርና እጅ አለው፣ ቆዳው ምን ዓይነት ነው፣ እንዴት ይራባል፣ ምን ያያል፣ ምን ይሰማል? እያንዳንዱ መልስ ለቀጣዩ ዕጣ ተጨማሪ ወይም ተቀናሽ እየሆነ ይሄድና በመጨረሻ ወደ ጠባዩ ይደርሳል፤ ለእንግዳ ያለው ጥርጣሬ፣ የማወቅ ጉጉቱና ከመሰሎቹ ጋር የመኖር ፍላጎቱ ከአመጋገቡና ከአኗኗሩ የሚመነጩ ይሆናሉ። በመንጋ እየኖረ የሚግጥ ፍጡር ሲወጣልን ጠባዩ የከብት እረኛ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ሆነ፤ አንዱ ቀና ሲል ሁሉም ቀና የሚል፣ ብቻውን ከቀረ የሚታመም ሕዝብ። ስለዚህም ከእነርሱ አንዱን ለይቶ ማነጋገር እንደ ስድብ የሚቆጠር መሆኑን ተጫዋቾቹ ሳልነግራቸው ደረሱበት።

ከሦስቱ በጥልቀቱ የሚያክለው የለም፤ ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ነገር ግን አንድን ሕዝብ እስከ መጨረሻው ለማድረስ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ይወስድብኛል፤ እንግሊዝኛውም የሥነ ሕይወትን ቃላት የሚያውቅ አንባቢ ይፈልጋል። በቡድናችሁ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ወይም የሚማር ሰው ካለ መጽሐፉ ለእርሱ ትልቅ ስጦታ ነው። መጽሐፉን ለሌላ ጨዋታ ማዋል ይቻላል፤ ሥልጣኔውን ለመፍጠር ሙሉውን የጉርፕስ ደንብ መግዛት ግድ አይደለም።

ስታርስ ዊዝአውት ነምበር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2017 የተሻሻለ ሲሆን፣ የተሻሻለው እትም ሙሉ ጨዋታ ማካሄድ የሚቻልበት ነጻ ፒዲኤፍ አለው፤ የሚከፈልበት እትም ተጨማሪ ምዕራፎች ይኖሩታል። ለእያንዳንዱ ዓለም ከአንድ መቶ መለያዎች፣ ማለትም የዓለሙን ዋና ጠባይ ከሚገልጹ አጫጭር ርዕሶች፣ ሁለቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ መለያ ሥርም ጠላት፣ ወዳጅ፣ ውስብስብ ችግር፣ ተፈላጊ ዕቃና ቦታ ተዘርዝሯል። ለሌላ ዓለም ፍጡራን ደግሞ የአካል ዓይነትና የማኅበረሰብ አወቃቀር ከወጣ በኋላ «መነጽር» የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ያ ሕዝብ ዓለምን የሚያይበት ዋና ስሜት ነው። ክብር፣ ፍርሃት፣ ስግብግብነት፣ እምነት፣ ጉዞ፣ ትውፊት፣ ጉጉትና የመሳሰሉት በድምሩ ሃያ ናቸው።

እኛ ዘንድ የወጡት ሁለቱ ትውፊትና ጉጉት ነበሩ። የአባቶቹን ሥርዓት አንዲት ፊደል ሳያጓድል የሚጠብቅ፣ ሁሉን ለማወቅም የሚቃጠል ሕዝብ እንዴት ይኖራል? መልሱ እስኪመጣ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ እነርሱ መጠየቅ የተከለከሉትን ጥያቄ እንዲጠይቅላቸው ባዕድ ሰው በደመወዝ የሚቀጥሩ ሕዝቦች ናቸው የሚል ነው። ተጫዋቾቹ በአንድ ጊዜ ሥራም፣ አደጋም፣ ጌታም አገኙ፤ ይህን ሁሉ ያስገኘው ከሩብ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ከመመዘኛዬ ጋር በቀጥታ የሚገጥመው ይኸው መጽሐፍ ነው። የሚጎድለው የአካሉ ክፍል ነው፤ ወፍ መሰል፣ ተሳቢ መሰል፣ ነፍሳት መሰል እያለ በአጭሩ ያልፈዋል፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነም አይነግርም።

አንድ ችግር አለ፤ ይህ ጨዋታ ባለ 20 ገጽ ዳይስን ጨምሮ ሌሎች ልዩ ዳይሶችን ይጠይቃል፤ እኔ ደሴም ኮምቦልቻም ፈልጌ አላገኘሁም። መፍትሔ ያገኘነው ከዕቁብ ነው። ሃያ ወረቀት ቁጥር ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ስኒ ውስጥ ጨምረን እናወጣለን። እንዲያውም ሁለቱን መነጽሮች ለማውጣት ወረቀቱ ከዳይሱ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ካልተመለሰ አንዱ ሁለት ጊዜ ሊወጣ አይችልም። ለመቶው መለያ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው አሥር ወረቀቶች ይበቃሉ፤ አንዱን ለአሥር ቤት አውጥቶ ከመለሱ በኋላ ሌላውን ለአንድ ቤት ማውጣት ነው። ይህን ዘዴ ግን ለትራቭለር ወይም ለጉርፕስ አትጠቀሙበት። ሁለት ዳይስ ሲጣል 7 ከ36 ስድስት ጊዜ የመውጣት ዕድል ሲኖረው 2 ያለው አንድ ብቻ ነው፤ በሦስት ዳይስ ደግሞ 10 ከ216 ሃያ ሰባት ሲኖረው 3 አንድ ብቻ አለው። ከ2 እስከ 12 የተጻፉ አሥራ አንድ ወረቀቶች ሁሉንም እኩል ስለሚያደርጉ፣ ብርቅ መሆን የሚገባው ዓለም በየቅዳሜው ይመጣል።

በስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሙሉ ሥልጣኔ የሚያወጡ ፕሮግራሞችም አሉ። መብራት ሲጠፋና ጊዜ ሲያጥር ጠቅመውኛል፤ ሆኖም ሕዝቡ በተጫዋቾች ዓይን ፊት ስላልተፈጠረ፣ የራሳቸው አድርገው ሲከራከሩለት አላየሁም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ገና ለሚጀምር ቡድን ስታርስ ዊዝአውት ነምበርን በነጻው እትም ይጀምር፤ ገንዘብ ሳይወጣ አንድ ዓመት ያጫውታል። ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጀ መሪ ቀጥሎ ጉርፕስ ስፔስን ይግዛ፤ አካሉን ከዚህ፣ ልቡን ከዚያ ወስዶ ማጣመር እኔ ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለውን ውጤት ሰጥቶኛል። ትራቭለርን የምመክረው ንግድ፣ የመርከብ ዕዳና የጭነት ሒሳብ ለሚወድ ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ካላችሁ ግን ከሁለቱም አስቀድሙት።

የሚከፈልባቸው መጽሐፎች ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ እኔ የገዛሁት ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው፤ ፒዲኤፍ ስለሆነ በዚያው ቀን ደርሶኛል። ስታሳትሙ መጽሐፉን በሙሉ አታሳትሙ፤ ሰንጠረዦቹን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ እየሆነ እንዲታተም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ይህን ሳልናገር ቀርቼ ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ተጨምቆ ወጣልኝና፣ የጉርፕስን ተጨማሪና ተቀናሽ ቁጥሮች መለየት ስላልተቻለ ሁሉንም በእጄ ደብተር ላይ ገልብጫለሁ።