ሰንሩፌን የሠራልኝ ልጅ (ኢንሹራንስ ያላችሁም የሌላችሁም አንብቡት)

ታሪኩ ስለሚረዝም ምስጋናውን ላስቀድም፣ መሃል ላይ ትታችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ቢያንስ እሱን እወቁልኝ። ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ሲገባ፣ የመኪና መስታወትና ሰንሩፍ (ጣሪያ ላይ ያለውን መስታወት) ብቻ የሚሠራ ልጅ አለ። የመኪናዬን ጣሪያ ሠራልኝ። ለእሱስ ከፍዬዋለሁ። የማመሰግነው ግን ኢንሹራንሱ ሊያስቀርብኝ የነበረውን ብር፣ አንዲት ወረቀት ላይ እውነቱን ጽፎ ስላስከፈለኝ ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ "ልጁ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጅ ስል ግን ሠላሳውን ያለፈ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ቢሮዬ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው፣ መኪናዬን ሁልጊዜ የማቆመው አንድ ትልቅ የግራቪሊያ ዛፍ ሥር። በበጋ ጥላው ደስ ይላል። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ለነፋስ ደካማ እንደሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። የክረምት በረዶ ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ ስላልሆነ እኛም መስኮት ላይ ተሰብስበን ቸርቺል ጎዳና ነጭ ሲሆን ቪዲዮ እየቀረጽን እንስቅ ነበር። በዚህ መሃል የፓርኪንጉ ልጅ ደወለ። "እትዬ ቶሎ ይውረዱ፣ ዛፉ ጣሪያው ላይ ነው" አለኝ።

መኪናዬ ቱሳን ናት፣ ጣሪያዋ ሁለት መስታወት አለው፤ የፊተኛው የሚከፈት፣ የኋለኛው የማይንቀሳቀስ። የፊተኛው የለም። ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክል ፍርፋሪ ሆኖ ወንበሩ ላይ ፈሷል፣ በረዶውም በቀዳዳው ገብቶ ከመስታወቱ ጋር ስለተቀላቀለ የቱ በረዶ የቱ መስታወት እንደሆነ አይለይም። በእጄ ልጠርግ ስል የፓርኪንጉ ልጅ ከለከለኝ። እሱንም እግዜር ይስጠው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የአንድ ማሠልጠኛ አሮጌ ባነር አምጥቶ ጣሪያው ላይ ወጥሮ አሰረልኝ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን "በ3 ወር እንግሊዝኛ ይናገሩ" የሚል መኪና ስነዳ ከረምኩ። አራት ኪሎ መብራት ላይ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከላይ ሆኖ "ምዝገባው አላለቀም?" አለኝ።

ወንድሜ በስልክ "ምንም ሳትነኪ ፎቶ አንሺ" ብሎኝ ስለነበር ቅርንጫፉን እንደወደቀ፣ ፍርፋሪውን እንደፈሰሰ፣ ታርጋዋ ጭምር እየታየ አነሳሁት። በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። ይቺን ያዙልኝ፤ ጉዳት ሲደርስ ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ፣ የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ ውላችሁ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ልናገር። ቦሎ ለማውጣት የምንገዛው ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም አዋጅ 799/2005 ያስገደደን፣ እኛ በሌላ ሰው ወይም በንብረቱ ላይ ላደረስነው ጉዳት ነው። የራሳችን ጣሪያ ቢፈርስ አምስት ሳንቲም የለውም። ለዚህ የሚሆነው ሙሉ ሽፋን ነው። ሙሉ ሲባል ደግሞ ሁሉንም ነገር ማለት እንዳይመስላችሁ። የእኔ ውል ላይ ዋናው ዝርዝር ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ መብረቅ፣ ስርቆት ይላል። ማዕበል፣ ጎርፍና በረዶ ያሉት ለብቻው በተጨማሪ የተገዛች አንቀጽ ውስጥ ነው። እኔ መኖሯንም አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ሳድስ ክሌም ክፍል (የካሳ ጥያቄ የሚታይበት) ያለችው ልጅ "ሰንሩፍ ያለው መኪና ይዘው ይቺን አይተዉ" ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ ብር ልታስወጣኝ ነው ብዬ በሆዴ እያማኋት ነበር የፈረምኩት። ይቅር በይኝ እህቴ።

እሷው ናት የመኪናዋንም ዋጋ እንዳስተካክል ያደረገችኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ግን አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው) እንዳይጨምርበት የድሮውን ዋጋ እንዳለ ያሳድሳል። ገበያ ላይ 3 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና 1.5 ሚሊዮን ተብሎ ከገባ፣ ኢንሹራንሱ የመኪናውን ግማሽ ብቻ ነው ኢንሹር ያደረግኸው ይላል። የ80 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ 40 ሺህ ይሰላል፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ (ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ) ይቆረጣል። "ሙሉ ኢንሹራንስ እያለኝ ዘረፉኝ" የሚለው ሰው ግማሹ ታሪኩ ይሄ ነው።

እሺ ወደ ጣሪያዬ ልመለስ።

ፕሮፎርማ (የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ) ከሦስት ቦታ አምጪ ተባልኩ። የመጀመሪያው ጋራዥ (የት እንደሆነ አልናገርም) ሰውየው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና ከእኔ ይልቅ አብሮኝ ለሄደው ወንድሜ ማስረዳት ጀመረ። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። "ከነፍሬሙ፣ ከነሞተሩ፣ ሙሉው ጣሪያ ነው የሚቀየረው" አለ። ወለሉ ላይ ምንጣፉ እርጥብ መሆኑን ሲያይ ምንጣፉንም፣ የወንበር ልብሱንም ጨመረበት። 210 ሺህ። ደንግጬ ሳየው "ምን ያስጨንቅሻል፣ ኢንሹራንስ አይደል የሚከፍለው!" አለኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ምንጣፉ ከሐምሌ ጀምሮ እየሸተተኝ ስለነበር በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጋራዥ ወደ መቶ ሰማንያ ሺህ ምናምን ጻፈ፣ ያው አንድ ዓይነት ዘፈን።

ሦስተኛው ልጁ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ነበር የሚሠራው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደ ተክለሃይማኖት የመጣው፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከዚያ ታውቀው ነበር። ባነሩን ፈታ፣ ደረጃ ላይ ወጣ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይናገር በባትሪ እያበራ ሲያይ ቆየ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠየቀኝ። የሚጠጣ መስሎኝ ሃይላንድ ገዝቼ አመጣሁ። እሱ ግን በጣሪያው ዙሪያ ያለችው ቦይ ጥግ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰውና "አሁን ከመኪናዋ ሥር ተመልከቺ" አለኝ።

ተመለከትኩ። ጠብ የሚል የለም።

ከዚያ አስረዳኝ። ለካ ሰንሩፍ ዝናብ እንዳያስገባ የሚያደርገው ጎማው ብቻ አይደለም። ጎማው ጥቂት ውሃ ማሳለፉ ያለ ነው፣ ያለፈው ውሃ ቦዩ ውስጥ ይገባና በአራቱ ማዕዘን ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ሁለቱ በፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባሉት ቋሚዎች ውስጥ፣ ሁለቱ በኋላ በኩል፣ ወርዶ መሬት ላይ ይፈሳል። የእኔዎቹ የፊተኞቹ ሁለቱም ተዘግተዋል። የግራቪሊያ ቅጠልና ከኮሪደር ሥራው የተነሳ አቧራ አንድ ላይ ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል። ስለዚህ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ፣ እግሬ ሥር። ምንጣፉ የራሰው በማዕበሉ አይደለም ማለት ነው። እኔ ወር ሙሉ በጫማዬ ያስገባሁት ውሃ ነው ብዬ ነበር።

"ታዲያ አብረህ ጻፈዋ" አልኩት። ምን ይላል? "እህቴ፣ መስታወቱን ዛፍ ሰብሮታል፣ እጽፈዋለሁ። ይሄኛው ግን ከሰኔ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሰርቬየሩ (ጉዳቱን የሚገመግመው የኢንሹራንሱ ሰው) ምንጣፉን ሲገልጥ ያየዋል። ያን ጊዜ ስለ መስታወቱም አያምንሽም።" ትንሽ ተናደድኩበት፣ አልዋሽም። የጻፈልኝ 82 ሺህ ነው፦ የፊተኛው መስታወት፣ ዙሪያው ጎማ፣ ጎኑ ላይ የተጣመመች አንዲት የመጋረጃ መንሸራተቻ፣ የእጅ ዋጋ። ፍሬሙና ሞተሩ ደህና ናቸው አለ። ከታች ለብቻው መስመር አስምሮ "ቱቦ ማጽዳትና ምንጣፍ ማድረቅ ከአደጋው ጋር ግንኙነት የለውም፣ በደንበኛዋ የሚከፈል፣ 6,500" ብሎ ጻፈና ማህተሙን መታበት።

በማግስቱ ሰርቬየሩ መጣ። እንደተባለው በቀጥታ ምንጣፉን ገለጠ። ሥሩ ሻግቷል፣ አንድ ብሎን እንኳን ዝጓል። በአንድ ቀን ዝናብ ብሎን እንደማይዝግ እኔም አውቃለሁ። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። በእጁ የያዛቸው የሁለቱ ጋራዦች ፕሮፎርማ ላይ ምንጣፉም ወንበሩም የአደጋው ጉዳት ተብሎ ተጽፏል። "ይሄ የቆየ ነው፣ ፋይሉ እንደገና መጣራት አለበት" ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። በኢንሹራንስ ቋንቋ መጣራት ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ ነው የልጁን ወረቀት ያወጣሁት። ሁለቴ አነበበው። "ይሄን የጻፈው ማነው?" አለኝ። ከዚያ ተቀመጠና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ የቅርንጫፉን ምልክት በጣሪያው ላሜራ ላይ በጣቱ ነካካ፣ መስታወቱን ከቱቦው ለይቶ ሪፖርቱን ጻፈ። በአምስተኛው ቀን ተፈቀደ ተብዬ ተደወለልኝ። የእኔ ድርሻ ኤክሰሱ 10 ሺህ እና የቱቦው 6,500 ብቻ ሆነ። የተበላሸውን ጎማና የተጣመመውን ዕቃ እንዳትጥዪ፣ ሳልቬጅ (ኢንሹራንሱ የሚወስደው የተቀየረ ዕቃ) ነው፣ አስረክቢ ተባልኩ፤ ልጁ ቀድሞ በከረጢት አስቀምጦልኛል።

ሥራው ራሱ ግማሽ ቀን ወሰደ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቱቦዎቹን በኮምፕሬሰር ይነፋቸዋል ብዬ ስጠብቅ በሳር ማጨጃ ማሽን ናይሎን ገመድ ቀስ እያለ ነው የከፈታቸው። ግፊቱ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ሊነቅለው ይችላል፣ ያን ጊዜ ጣሪያውን በሙሉ ማውረድ ነው አለኝ። የወጣው ነገር ቡና የፈላበት ጀበና ሥር እንደሚቀረው አተላ ነው። መስታወቱን ከገጠመ በኋላ ከጣሪያው ጋር እኩል መሆኑን በመታወቂያ ካርዱ ጠርዝ እየለካ፣ ብሎኖቹን እያላላና እያጠበቀ ብዙ ደከመበት። ከፊት በኩል ከፍ ካለ በፍጥነት ስትነጂ ያፏጫል ይላል። በመጨረሻ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ሞተሩ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ እንደገና አስተማረው። ይሄ ካልተደረገ መስታወቱ ሊዘጋ ይልና መንገድ ላይ ተመልሶ ይከፈታል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። መስታወቱን ስንፈልግ አንድ ሱቅ "መርካቶ በልኩ እናስቆርጥልሽ፣ በሩብ ዋጋ" ብሎኝ ነበር። ልጁ ሲሰማ ሳቀ። የሰንሩፌ ዓይነቱ መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) ነው፤ ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ ልቁረጥህ ካልከው ይበተናል። ስለዚህ በልክ ቆርጦ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ተራ የመስኮት መስታወት ነው። ያ ደግሞ ሲሰበር እንደ ሽምብራ አይሆንም፣ እንደ ቢላ ነው፣ ከጭንቅላትሽ በላይ።

ከ2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ጣሪያቸው ሰፊ መስታወት ነው። አንዳንዱ በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ሌላ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅም መኪናዋ መቆም አለባት። ልጁ እነሱንም ይሠራል፣ ግን ቀጠሮው ይረዝማል። እንደዚህ ያለ መኪና ያላችሁ ዛሬ ማታ ውላችሁን አውጥታችሁ በረዶና ማዕበል የሚል ቃል ፈልጉበት።

ልጁን ለምትፈልጉ፤ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ ነው። ሰማይ ሲጠቁር ስልኩን አያነሳም፣ ደረጃው ላይ ነው የሚሆነው። ቁጥሩን እዚህ አልለጥፍም፣ ለብቻዬ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ባነሩን ለፓርኪንጉ ልጅ መልሼለታለሁ፣ አሁን የጫማ ጠራጊው ጃንጥላ ላይ ተደርቧል።