መርከቡ ሴንት ቶማስ ሲቆም፦ ኮኪ ቢች ወይስ ትረንክ ቤይ?

ብርዱ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ቆርጠናል፣ መርከቡ ሴንት ቶማስ አንድ ቀን ይቆማል፣ ዓሣ ለማየት የት እንውረድ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሴንት ቶማስ በካሪቢያን ባሕር ያለ፣ በአሜሪካ ሥር ካሉት ቨርጂን አይላንድስ አንዱ ደሴት ነው። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የከፈልኩት የተለያየ ነው፤ ያገኘሁትም እንደዚያው። ለእያንዳንዱ ሰው ከመድገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የምትፈልጉት ስኖርክሊንግ ከሆነ፣ ማለትም በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃ ላይ ሆኖ ከስር ዓሣ ማየት፣ ኮኪ ቢች የሚባለው ባሕር ዳርቻ ሂዱ። ትረንክ ቤይ ይበልጥ ያምራል፤ ይሄ አያከራክርም። ግን በመርከብ የመጣ ሰው እጁ ላይ ያለው ሙሉ ቀን አይደለም። ስምንት ሰዓት ቢያገኝ ነው። ከዚያች ውስጥ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ የምትቆዩት ስንት ደቂቃ ነው? ለዚያ ደቂቃስ ስንት ከፈላችሁ? እኔ የማወዳድረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ጉብኝቱን የገዛነው እዚያው መርከቡ ላይ ነበር፤ ወደ ትረንክ ቤይ። ለአዋቂ 89 ዶላር፣ ለልጅ 79። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ስንደመር 336 ዶላር። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ልንገራችሁ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ተሰለፍን። ተቆጠርን፣ ተለጣፊ ተሰጠን፣ እንደገና ተቆጠርን። አሸዋውን የረገጥነው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። 6 ሰዓት ከሩብ ሲሆን «ተመለሱ» ተባልን። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ልብስ መቀየሩ፣ ክሬም መቀባቱ፣ ልጆቹን ማብላቱ ሲቀነስ ውሃ ውስጥ የቆየነው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ትንሿ ልጄ ከዚያ ውስጥ ዓሣ ያየችው ምናልባት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ማስኳ ውሃ ያስገባ ነበር። ስለ ማስኩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ የምለው አለኝ።

ትረንክ ቤይ ለምን ይህን ያህል ጊዜ ይበላል? ሴንት ቶማስ ላይ ስላልሆነ ነው። ያለው ጎረቤቱ ደሴት ሴንት ጆን ላይ ነው። ከወደቡ በታክሲ ደሴቱን አቋርጣችሁ ሬድ ሁክ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በጀልባ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጉዛችሁ ክሩዝ ቤይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ አሜሪካዊው ባለጸጋ ሎራንስ ሮክፌለር መሬቱን ሰጥቶ በ1956 ፓርክ ሆነ። ሆቴል ያልተደረደረበትም ለዚህ ነው። ውሃው ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ የሚሆን የዋናተኛ መንገድ አለ። ከስር የተተከሉ ጽሑፎች ስለ ኮራሉ (ድንጋይ ስለሚመስለው የባሕር ሕይወት) እና ስለ ዓሣው ይናገራሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ልጆች ይወዱታል።

ችግሩ ኮራሉ ነው። በ2017 ኢርማና ማሪያ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ደሴቶቹን መቱ። በ2019 ደግሞ ኮራል የሚያረግፍ በሽታ ሴንት ቶማስ አካባቢ ታየ። እኔ ባየሁት፣ የመንገዱ ዳር ዳር ላይ ግራጫ ድንጋይ ከሕያው ኮራል ይበዛል። ዓሣ አለ፤ የባሕር ኤሊም ይታያል። ግን ለማየት ራቅ ብሎ መዋኘት ይጠይቃል፤ እግር አይደርስም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ከባለቤቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ትረንክ ቤይን በራሳችን እንሞክረው አልን። የከፈልነውን መዝግቤዋለሁ። ለአንድ ሰው ታክሲ እስከ ሬድ ሁክ ደርሶ መልስ 20 ዶላር። ጀልባ ደርሶ መልስ 16። ክሩዝ ቤይ ላይ ታክሲ ደርሶ መልስ 14። መግቢያ 5። ድምሩ 55 ዶላር። ከመርከቡ ዋጋ 34 ዶላር ይቀንሳል። ነገር ግን ጀልባዋ በአራት ደቂቃ አመለጠችን፤ ቀጣይዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበረች። ስንመለስም ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የመጣሁት። የመርከቡን ጉብኝት ገዝታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ሄዳችሁ ብትዘገዩ አይጠብቅም። 89 ዶላሩ የሚገዛው አንድ እውነተኛ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ስለዚህ ትረንክ ቤይ ካልሄድኩ የሚል ሰው ካለ፣ ከልጆች ጋር ከሆነ በመርከቡ ይሂድ እላለሁ። ያን ጭንቀት አልመኝለትም።

አሁን ወደ ኮኪ። በሁለተኛው ጉዟችን፣ እናቴንም ይዘን የሄድነው እዚያ ነው።

ኮኪ ቢች እዚያው ሴንት ቶማስ ላይ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ኮራል ወርልድ ከሚባለው የባሕር እንስሳት መዝናኛ አጠገብ። ጀልባ የለም። ከወደቡ ሳፋሪ በሚሉት ክፍት ታክሲ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ፒካፕ መኪና ላይ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር የተሠራበት ነው፤ የድሮውን ውይይት ታክሲ የምታውቁ ወዲያው ትለምዱታላችሁ። እንደ እኛው ታክሲም ካልሞላ አይነሳም። ዋጋው የሚታሰበው በመኪና ሳይሆን በሰው ነው። ታሪፉን መንግሥት ስለሚያወጣው ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ለብቻው የሚሄድ ሰው ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ከሌሎች ጋር ተቀላቀሉ። እኛ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ 20 ዶላር ከፈልን። የባሕር ዳርቻው መግቢያ ነጻ ነው። ወንበር 10 ዶላር ተከራየን፤ አንድ ብቻ፣ ለእናቴ። እኛ ፎጣ አንጥፈን ተቀመጥን።

እንግዲህ 20፣ 55 እና 89 ዶላር ናቸው የሚወዳደሩት። 3 ሰዓት ከአሥር ላይ ደርሰን 7 ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ተነሳን። ልጆቹ ውሃ ውስጥ የቆዩት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው።

ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ኮኪ ላይ ዓሣው ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ሰርጀንት ሜጀር የሚባሉት ዓሦች ይከቧችኋል። ቋጥኙ ጋ ጠጋ ስትሉ ሰማያዊዎቹ ብሉ ታንጎች በመንጋ ያልፋሉ። ፓሮት ፊሽ ድንጋዩን ሲግጥ ድምፁ ይሰማል፤ ጸጥ ብላችሁ አዳምጡ።

እናቴ ሰባ ዓመቷ ነው። ዋና አታውቅም፤ ያደገችበት አገር ከባሕር ሩቅ ነው። ላይፍ ጃኬት አለበስናት፣ ማስኩን አጠለቅንላት፣ እጇን ይዤ ወገቧ ድረስ ገባን። «ፊትሽን ብቻ ንከሪው» አልኳት። ነከረችው። ወዲያው ቀና ብላ «በስመ አብ!» አለችና አማተበች። ከዚያ ሳልነግራት ራሷ መልሳ ነከረችው። ሃያ ደቂቃ እጄን አልለቀቀችም፤ ፊቷንም ከውሃው አላወጣችም። ትረንክ ቤይ ላይ ይህ አይሆንም ነበር። ዋና የማይችል ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ ከእኛ መካከል ደግሞ ብዙ ነው፣ ምርጫችሁ ከዚህ በላይ አያስቸግርም።

የኮኪን ችግርም ልንገራችሁ። ጠባብ ነው። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ሻጩ ይበዛል፤ «ጸጉር ልሥራ፣ መጠጥ ላምጣ» ይሏችኋል። በትሕትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል። አራት አምስት መርከብ በቆመበት ቀን ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ መቀመጫ አይገኝም፤ ከመርከቡ ከሚወርዱት የመጀመሪያዎቹ ሁኑ። ለዓሣው ብስኩት ስጡ የሚላችሁ ካለ አትስጡ። ዓሣው የሚበላው ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው፤ ያንን ሲተው ኮራሉ ይታፈናል።

አሁን ማስኩ። ባሕር ዳርቻውን በትክክል መርጣችሁ ማስኩን ከተሳሳታችሁ ምንም አታዩም።

ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ አይታችሁታል። በሰፊው ያስተዋወቀው የፈረንሳዩ የስፖርት ዕቃ ድርጅት ዲካትሎን ነው፣ በ2014። በአፍንጫም በአፍም ያስተነፍሳል ስለተባለ ሁሉም ወደደው። ከዚያ ቅጂው ኢንተርኔቱን ሞላው። እኔም በመጀመሪያው ጉዟችን አራት ቅጂ ገዛሁ፤ አንዱ 22 ዶላር፣ ድምሩ 88። የሁለቱ ጎማ አገጭ ላይ አይገጥምም፤ ውሃ ያስገባል። የአንዱ መዝጊያ ገና ሻንጣ ውስጥ ተሰበረ። የደህናው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ታላቋ ልጄ አሥር ደቂቃ ለብሳው ራስ ምታት ያዛት። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በደንብ የተሠራው ማስክ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ለይቶ ያሳልፋል። ቅጂው ካልለየ ያስወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ትስባላችሁ። ለልጅ በፍጹም እንዳትገዙ። አራቱንም ጣልኳቸው፤ ለሰው እንኳን አልሰጠሁም።

አሁን ያለን ዓይንና አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው ተራው ማስክ ነው፤ ከነመተንፈሻ ቱቦው አንዱ 35 ዶላር ገደማ። መስታወቱ ላይ «ቴምፐርድ» (በሙቀት የጠነከረ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ፕላስቲክ ከሆነ ይጫራል፣ ቶሎ ጉም ይይዛል። ዙሪያው ሲሊኮን ይሁን። ርካሹ ፒቪሲ ፕላስቲክ በሁለተኛው ዓመት ይደርቅና ፊት ላይ አይለጠፍም። ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫችሁ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ጺም ያላችሁ፣ ከአፍንጫ በታች ያለው ውሃ ያስገባል፤ ከጉዞው በፊት አሳጥሩት። አዲስ መስታወት ፋብሪካው የተወበት ቅባት ስላለው በጥርስ ሳሙና አሹት። ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ የሕፃን ሻምፖ ጠብ አድርጋችሁ አለቅልቁት። ከዚያ በኋላ ጉም አይቶ አያውቅም የእኔ።

ሹሩባ ለተሠራች ሴት የጎማው ማሰሪያ ጸጉር ይነጫል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በዚህ ተሠቃየች። በጨርቅ መሰል ኒዮፕሪን የሚሸፍን ማሰሪያ በ8 ዶላር ይሸጣል፤ ግዙት። ቱቦው አፍ ላይ የሚነከሰው ክፍል ልጆች እያኘኩት ይቀደዳል። ቱቦውን አትጣሉ፤ መንከሻው ብቻውን በ5 ወይም 6 ዶላር ይገኛል። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትገጥሙት እንደ አዲስ ይሆናል። የእኔ ሁለቱ እንደዚያ ተጠግነው ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ኮኪ ላይም ሆነ ትረንክ ቤይ ኪራይ አለ፤ እኛ የተጠየቅነው በሰው 15 ዶላር አካባቢ ነው። ለአራት ሰው 60። ሦስት ጊዜ ከተከራያችሁ የራሳችሁን ገዝታችሁ ነበር።

ክሬም ላይ ደግሞ ሕግ አለ። ቨርጂን አይላንድስ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን ያለበትን ሰንስክሪን ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች፤ ኮራሉን ስለሚጎዳ። ዚንክ ያለበትን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መርከቡ ላይ ከሱቁ እጥፍ ነው። ዚንኩ የእኛ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኛ ሁላችንም እጅጌ ረጅም የዋና ሸሚዝ ለብሰን ፊትና እግር ላይ ብቻ እንቀባለን፤ አንድ ጠርሙስ ለአምስት ሰው በቃን።

ሜገንስ ቤይስ? ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነው፤ ፎቶው ስለሚያምር። መግቢያ ያስከፍላል፣ ውሃው እንደ ሐይቅ የተኛ ነው፣ ከስሩ ግን አብዛኛው አሸዋ ነው። ለመዋኘትና ለመተኛት ሂዱበት። ማስክ ይዛችሁ አትድከሙ። ሳፋየር ቢች ግን ለኮኪ ጥሩ ተተኪ ነው፤ ጸጥ ይላል፣ ጫፉ ላይ ኮራል አለ። ዓሣው ግን እንደ ኮኪ እግራችሁ ሥር አይመጣም።

ከኅዳር እስከ የካቲት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት የሰሜኑን ማዕበል እዩ። ማዕበሉ ሲነሳ ትረንክ ቤይ በቀጥታ ይመታዋል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ያን ሁሉ ጀልባ ተሳፍራችሁ አሸዋ ብቻ ታያላችሁ። ኮኪም ይነካዋል። በዚያ ቀን በምሥራቅ በኩል ያለውን ሳፋየርን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ፣ ኮኪ ስትደርሱ የመልሱን ታክሲ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ከሾፌሩ ጋር ሰዓት ተስማሙ፣ ሒሳቡን ግን ወደቡ ስትደርሱ ስጡ። የመርከቡ ሰዓትና የደሴቱ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሊለያይ ስለሚችል ከመውረዳችሁ በፊት መርከቡ ላይ ያለውን ሰዓት ፎቶ አንሱት። የተቀጣጠራችሁት ሾፌር ቢቀር እንኳ ከ8 ሰዓት በፊት ከሆነ ሌላ ሳፋሪ አታጡም።