ቴሌግራም ወይስ የገበያ ቀን? ለማርና ቅቤ ነጋዴ

በደብረ ማርቆስ ወይም በቡሬ አነስተኛ የማርና የቅቤ ሱቅ ለከፈተ ሰው የቴሌግራም ቻናል ከኢንተርኔት ወጪ በቀር ክፍያ አይጠይቅም፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ካለ ደንበኛም ያደርሰዋል። ገበያ መውጣት ግን ማጓጓዣና የሙሉ ቀን ጉልበት ይፈልጋል።

በአመኔታ በኩል ገበያው እጅግ ይበልጣል፤ ማሩ ስኳር፣ ቅቤውም ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ፎቶ አይቶ ሳይሆን ቀምሶና አሽትቶ፣ የሻጩንም ፊት አይቶ ነው። በቴሌግራም ይህን ስጋት ለማቃለል ማሩ የተቆረጠበትን ቀበሌና ወር መግለጽ፣ ክፍያውንም ዕቃው ሲደርስ መቀበል ይበጃል። ኔትወርክ ከተቋረጠ ግን ትዕዛዝም አይመጣም።

ስለዚህ ገና ለማይታወቅ ሱቅ ገበያው ይቅደም፤ ደንበኛ አፍርቶ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሳያበቁ የፋሲካ ቅቤ ትዕዛዝ ለሚሰበስብ ቴሌግራም ይሻለዋል።