ምስጋና ለልጆቻችን የዱላ ቅብብል መምህር፣ አሠልጣኝ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ የትምህርት ቤቷ የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ ገብታለች። ይህን የምጽፈው ያሠለጠኗቸውን የስፖርት መምህር ለማመስገን ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላሉ አልጠቅስም።

አብዛኛውን ጊዜ ለሕፃናት ዱላ ቅብብል ሲባል አራት ፈጣን ልጆች ይመረጡና ዱላ አስይዞ "ሩጡ!" ነው። እኚህ መምህር ግን ከእግር በፊት እጅ አስተማሩ። ልጆቹ ፊትና ኋላ ተሰልፈው በመጀመሪያ ቆመው ተቀባበሉ፤ ቀጥሎ እየተራመዱ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ፍጥነት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንደኛው ሯጭ ከቀኝ እጁ ለሁለተኛው ግራ እጅ፣ ሁለተኛው ከግራው ለሦስተኛው ቀኝ እጅ፤ መሐል ላይ ዱላውን ከእጅ እጅ ማዛወር የለም። ልጄ ይህን ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ሪሞት እየተለማመደች ታናሽ ወንድሟን አማርራዋለች።

አንድ ቀን ልምምዳቸውን ቆሜ አየሁ። ሰጪዋ "ያዝ!" ስትለው ተቀባዩ ልጅ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ዱላውን ፍለጋ ያወዛውዛል። መምህሩ አልጮሁበትም። ተንበርክከው ክርኑን ያዙት፣ መዳፉን ወደ ሰጪዋ አዞሩት፣ አውራ ጣቱንም ከሌሎቹ ጣቶች አላቀቁለትና "አንተ እጅህን አቁም፤ መዳፍህን ማግኘት የእሷ ሥራ ነው" አሉት። ወዲያው ተሳካላቸው።

ተቀባዩ መቼ መነሳት እንዳለበት በኖራ ምልክት ያደርጋሉ። ሰጪው ምልክቱን ሲያልፍ ተቀባዩ ዞሮ ይፈተለካል። ሰጪው ጀርባው ላይ ከወጣበት ምልክቱን ያርቁታል፣ ካልደረሰበት ያቀርቡታል። እየሞከሩ ማስተካከል ነው እንጂ ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ልክ የለም።

አንድ ወላጅ "ፈጣኖቹ እያሉ ይቺ ልጅ ለምን ገባች?" ብለው ነበር። (የእኔን ልጅ አልነበረም፤ ቢሆንም ጆሮዬ ቆሟል።) መምህሩ የጃፓንን ወንዶች ነገሯቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ በ4 በ100 ሜትር፣ በ37.60 ሰከንድ ብር ሲያገኙ ከአራቱ አንዳቸውም በ100 ሜትር በይፋ የተመዘገበ ከ10 ሰከንድ በታች ሰዓት አልነበራቸውም። በ2008 ቤጂንግ ደግሞ የአሜሪካ ወንዶችም ሴቶችም በማጣሪያው ዱላ ጥለው ቀርተዋል። ወላጁ ሌላ አልጠየቁም።

ዱላ ሲወድቅ በሕጉ የሚያነሳው የጣለው ነው። መምህሩ ግን ጥፋተኛ አይፈልጉም፤ ሰጪና ተቀባይ አብረው ተመልሰው እየተራመዱ ይደግሙታል።

ለቀጣዩ ሳምንት ውድድር ዋንጫ የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው አይሆኗችሁም፤ አይቸኩሉም። ልጆቹ ተረጋግተው እንዲማሩ ለምትፈልጉ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ግን ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማቸዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን!