ሀዋሳ ውስጥ የዳሌ ኦፕራሲዮን ላደረጋችሁ፦ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ልጠቁማችሁ

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ አሞራ ገደል ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ዓሣዬን በላሁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ወፎች አየሁ፣ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ሚስቴ "ኧረ አላነከስክም!" አለችኝ። በቃ፣ ዛሬማ ማመስገን አለብኝ አልኩ።

የታቦርን ተራራ ጠዋት ጠዋት ሮጠው የሚወጡ ሰዎች ሳያውቁኝ አይቀሩም። 49 ዓመቴ ነው፣ የስፖርት መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ብሽሽቴን ያመኝ ጀመር። ጡንቻ ነው ብዬ ናቅኩት። ወጌሻ ጋ ሁለት ጊዜ ታሸሁ። አንዳንዴ ጉልበቴን ሁሉ ያመኝ ስለነበር የጉልበት ቅባት ስቀባ ከረምኩ። ነገሩ የገባኝ ካልሲዬን ራሴ ማድረግ ሲያቅተኝ ነው። ኤክስሬይ ተነሳሁ፤ የዳሌዬን መገጣጠሚያ አጥንቶች የሚሸፍነው ልስላሴ አልቆ አጥንት በአጥንት ላይ ይፋጫል። አንድ ቦታ "ሩጫውን እርሳው፣ ዕድሜህም ሄዷል" አሉኝ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ዘመድ ወዳጅ ተረባርቦ ባለፈው ኅዳር ህንድ ሄጄ ሂፕ ሪሰርፌሲንግ የሚባለውን አደረግሁ። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙሉ ቅየራ አይደለም። በሙሉ ቅየራ የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣል። በዚህኛው ግን ራሱ ተስተካክሎ ይጠረብና የብረት ቆብ ይደፋበታል፤ ጥርስ ላይ ቆብ እንደሚደረገው በሉት። የዳሌው ጎድጓዳም የብረት ሽፋን ይገባለታል። አጥንታችሁ አብዛኛው ይተርፋል። ግን የተረፈው አጥንት፣ በተለይ ከራሱ ሥር ያለው የጭን አጥንቱ አንገት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሐኪሜ እስከ 6 ወር ሩጫም ዝላይም ከለከለኝ። እናንተም አድርጉ እያልኩ አይደለም። ብረት ከብረት ጋር ስለሚፋጭ ኮባልትና ክሮሚየም የሚባሉ ማዕድናት ደም ውስጥ ይገባሉ፣ ምርመራም ክትትልም አለው። ኩላሊቱን ለሚያመው፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ አጥንታቸው ትንንሽ ለሆነ ሴቶች ብዙ ጊዜ አይመከርም። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ያገኘኋት በጎረቤቴ በኩል ነው፤ እናቱን ስትሮክ መትቷቸው ቤት እየመጣች ታሠራቸው ነበር። እኔ "ዶክተር" እላታለሁ፣ እሷ "ፊዚዮ ነኝ" እያለች ትስቃለች።

የመጀመሪያ ቀን እግሬን ትነካለች ብዬ ስጠብቅ ቤቱን ዞራ አየችው። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ሽንት ቤት። "መምህር፣ ይኼ ሶፋ ጠላትዎ ነው" አለችኝ። ለስድስት ሳምንት ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ መውጣት የለበትም፣ እግር ማጣመር የለም፣ ወደ ውስጥ መጠማዘዝ የለም። ለዚህ ሁሉ ደግሞ የኛ ቤት አይመችም። ዱካው ከአጠገቤ ተባረረ። ምንጣፉ ተጠቀለለ። አልጋው ከሥሩ ብሎኬት ገባለት። ለሽንት ቤቱ አቶቴ አካባቢ ያለ አናጢ ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ሠራልኝ፤ ልኩን የሰጠችው እሷ ናት፣ በሜትር ለክታ። ቡና ሲፈላ ሁሉም ረከቦቱ ዙሪያ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ እኔ ብቻ በተደራረበ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከፍ ብዬ ዳኛ እመስል ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደህና ሆንኩ። ማለቴ፣ የሆንኩ መሰለኝ። ሕመሙ የለም፣ ጠያቂ ሲመጣ "እስቲ ተራመድና እንይህ" ይላል፣ እኔም ክራንቼን ጥዬ እንሸራሸራለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ያለ ክራንች ሱቅ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። እሷ በባጃጅ እየመጣች ነበር። አልተቆጣችም። ባጃጁን አቁማ ከኋላዬ በስልኳ ቀረጸችኝና ቤት ገብተን አሳየችኝ። በያንዳንዱ እርምጃ ወገቤ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። እኔ ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ!

"ሕመሙ ጠፍቷል፣ የዳሌዎ ጎን ጡንቻ ግን ገና ነው" አለችኝ። "ሦስት ዓመት ሲያነክሱ ደክሟል። አሁን እንዲህ መሄድ ከለመዱ ብረቱ ደህና ሆኖ እርስዎ እያነከሱ ይቀራሉ።"

ዝም አልኩ። ክራንቹን አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለወሬ አይመችም፣ ድግግሞሽ ነው። በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መሃል ትራስ አድርጎ ጉልበት ማንሳት። በጀርባ ተኝቶ ቂጥ ማንሳት። መስታወት ፊት በአንድ እግር ቆሞ ወገብ እንዳይወድቅ መጠበቅ። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የታከመው። ወደ አንድ ክራንች ስወርድ ከታከመው እግር በተቃራኒው እጄ እንድይዝ አደረገችኝ። በሰፈሩ ያላረመኝ ሰው የለም። "ጋሼ፣ በዚያኛው እጅ ነው የሚያዘው!" እያለ ባጃጁን የሚያቆም ሹፌር ሁሉ ነበር። ልክ እሷ ነበረች። ክብደቱን ከታመመው ዳሌ ላይ የሚያነሳው በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ነው።

እኔም ዝም ብዬ አልታዘዝኩም። አንድ ቀን አንዲ መሪን ጠቀስኩላት። ቴኒስ ተጫዋቹ ይኼንኑ ኦፕራሲዮን በጥር 2019 (በፈረንጆቹ) አድርጎ፣ በሰኔ በጥንድ መጫወት ጀምሮ፣ በጥቅምት አንትወርፕ ላይ ዋንጫ በላ። "ታዲያ እኔ ምን አነሰኝ?" አልኳት። "እሱ ሙሉ ቡድን አለው፣ እርስዎ ያለሁልዎት እኔ ብቻ ነኝ። ይነሱ፣ አሥራ አምስት ይቀርዎታል።"

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እኔ ሳልጠይቃት "መምህር፣ ስግደት አለ አይደል?" አለችኝ። እሷ ጴንጤ ናት። ግንባር መሬት እስኪነካ መታጠፉ ገና እንደሆነ ነገረችኝና "ንስሐ አባትዎን ያማክሩ" አለች። አማከርኳቸው፣ "ቆመህ ጸልይ" አሉኝ።

በሦስተኛው ወር ብስክሌት ፈቀደች፤ ሜዳ ላይ ብቻ፣ ኮርቻው ከፍ ብሎ። ከስድስት ወር በኋላ ኤክስሬይ ታይቶ ሐኪሜም ሲፈቅድ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ ጀመርን። በሰዓቷ ትቆጥርልኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ስታልቅ እንባዬ መጣ፣ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

እንከን የለባትም አልልም። ታረፍዳለች። ሦስት ሰዓት ካለች ሦስት ተኩል ነው፤ ሥራ ላይ ከሆነች ስልክ አታነሳም። ክፍያዋ በቀን ነው፣ ሂሳቡን ቀድማ ትናገራለች። አሥረኛው ሳምንት ላይ ግን "ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዎታል" ያለችው ራሷ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን መምጣቷን ብትቀጥል እኔ ምን አውቄ?

ስሟንና ስልኳን እዚህ አታውጣ ስላለችኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉ ኤክስሬያችሁንና የሐኪሙን ወረቀት ያዙ፣ ያለዚያ አትጀምርም።

ሌላው፣ ሁለቱ ክራንቾችና የእንጨት መቀመጫው እኔ ቤት ቁጭ ብለዋል። ክራንቾቹ ቁመታቸው ይስተካከላል። ለሚያስፈልገው ሰው በነፃ አውሳለሁ። ብሎኬቶቹን ግን ሚስቴ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋቸዋለች፣ እነሱን አትጠይቁኝ።