አንድ ጊታር ወይስ ሁለት?

ለራሱ ደስታ የሚጫወት ሰው ስንት ጊታር ይበቃዋል? አንድ ብቻ ሲሆን እጅ ቶሎ ይለምደዋል። የቱ ክር ቶሎ እንደሚረግብ ሳይቀር ታውቃላችሁ። ጣጣም የለውም፤ 6 ክር ቀይሮ መገላገል ነው።

ሁለተኛው ግን ዓይነቱ ከተለየ ዋጋ አለው። የክላሲካል ጊታር አንገት በራስጌው በኩል 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ክሩ ናይለን ስለሆነ ለጣት ይመቻል። የኤሌክትሪኩ 42 ገደማ ነው። ቀጭኑን የብረት ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት ድምፁ ይቀጥናል። ናይለኑን እንደዚያ ግፉት እስቲ፤ ለውጡ እምብዛም አይሰማችሁም። ደግሞ ኤሌክትሪኩን ማታ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ይቻላል፤ ጎረቤትም በሰላም ይተኛል።

እኔ ዓይነታቸው ከተለየ ሁለት ይበቃል ባይ ነኝ። ሁለት አንድ ዓይነት አኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጫወቱት) ጊታር ነበረኝ፤ አንዱ ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ ከረመ።