ከሥር የሚመጣ የግድግዳ እርጥበት፦ ቢቸና ያሠራናቸው ግንበኞች

የእናቴ ቤት ቢቸና ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ልስኑ ሲሚንቶ። ክረምት በገባ ቁጥር የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ይረጥብ ነበር። ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሳይቀር ይሻግታል። አምና ያሠራናቸውን ሁለት ግንበኞች አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፌ ስላየኋቸው አሁን በድፍረት እጽፋለሁ።

ከእነሱ በፊት የመጣው ሰው ቤቱን ዞሮ እንኳን ሳያይ «ውሃ የማያስገባ ቀለም አለ፣ እሱን ቀቡት» ነበር ያለን። ቀባልን። በዓመቱ ቀለሙ አብጦ ረገፈ፣ እርጥበቱም ከበፊቱ ከፍ ብሎ ወጣ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ብሎኬትና ልስን የመሬቱን ውሃ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ነው የሚስቡት። ፊቱን ስትደፍኑበት ውሃው መትነኛ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል።

እነዚህኞቹ መስከረም ላይ መጡና መጀመሪያ ያዩት ውጭውን ነው። ደስ ያለኝም ይሄ ነው። ላስቲክ ቆርጠው ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፉና አሳደሩት። ጠዋት ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ግድግዳው በኩል ነበር። ፊት ለፊት፣ ክፍሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ችግሩ የምግብ እንፋሎትና የመስኮት አለመከፈት ነው አሉን። ጣሪያም አያፈስም። እርጥበቱ ደግሞ ወገብ ላይ ሲደርስ መስመር ሠርቶ ቆሟል። ከሥር የሚመጣ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። የጓሮው አፈር ከዓመት ዓመት ተከምሮ ከወለሉ በላይ ሆኗል። አፈሩም ዋልካ ነው፣ ውሃ ይዞ ይቆያል። አሸንዳ ስለሌለ የቆርቆሮው ውሃ በሙሉ መሠረቱ ሥር ነው የሚወርደው። በዚያ ላይ ቤቱ ሲሠራ በመሠረቱና በብሎኬቱ መካከል ውሃው ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግድ ሬንጅም ላስቲክም አልተነጠፈም። አሁን ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት፣ ያኔ ወጪው ትንሽ ነው።

አፈሩን ከወለሉ 15 ሳንቲም ዝቅ አድርገው ቆፈሩ፣ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ቦይ አውጥተው ጠጠር ሞሉበት፣ አሸንዳ ሰቀሉ። ውስጡን ከእርጥበቱ መስመር 30 ሳንቲም ያህል ከፍ ብለው ልስኑን አነሱ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጠረጉት እንጂ አላጠቡትም፣ ምክንያቱም ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ «በጋውን ይድረቅ» ብለው ሄዱ። እናቴ በተራቆተ ግድግዳ ስትማረር ከረመች፣ ግን ልክ ነበሩ። በደፈናው ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ይባላል፣ የ20 ሳንቲም ግድግዳ ወራት ይፈልጋል። ግንቦት ላይ ተመልሰው በኖራና አሸዋ ለሰኑት። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ያፍናል።

ቅሬታም አለኝ። የተቆፈረውን አፈር ግቢ ውስጥ ጥለውት ሄዱ፣ ያስጠረግነው እኛ ነን። ኖራውንም ፈልጉ ያሉት እኛኑ ነው። ዋጋውን በቀን ሒሳብ ስለሆነ የተዋዋልነው መጨረሻው ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም፣ ይሄ ለጡረተኛ ያስጨንቃል። በጠቅላላ ዋጋ ተዋዋሉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲያልፍ ሳሎኑ ደረቅ ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ማዕዘን ብቻ ትንሽ ጨው ታወጣለች። እሷንም የማድ ቤቱንም ግድግዳ ጥቅምት ላይ ለእነሱው ሰጥተናል።